የምስክሩ ምስክር፦ የርቀት ትምህርትና የዕውቅና ታሪክ

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያናችን የትምህርት ሥርዓት አንድ ደቀ መዝሙር ድጓን በየትኛውም ደብር፣ በየትኛውም መሪጌታ እግር ሥር ተቀምጦ ሊማር ይችል ነበር፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ በተራው ወንበር ተክሎ ሌላውን ያስተምር ዘንድ የወደደ እንደ ሆነ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ጋይንት ይሄድና በቤተ ልሔም ጉባኤ በመምህሩ ፊት ቆሞ፣ የተማረውን እያዜመ፣ በገዛ እጁ የጻፈውንም ድጓ እያቀረበ ማስመስከር ነበረበት። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረው ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም የተማረው ወደ ጎንደር በዓታ እየሄደ እንዲሁ ያደርግ ነበር። አስመስክሮ የተመለሰው ሰው በደረሰበት አገር ሁሉ ይታመን ነበር፤ ይህም መታመን የመጣለት ስለ ራሱ ከተናገረው ቃል ሳይሆን፣ ሊቃውንቱ ሁሉ የሚያውቁት ጉባኤ ስለ እርሱ ከተናገረው ቃል ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ትምህርቱን የሰጠው አንድ፣ ለትምህርቱ የመሰከረው ሌላ ሊሆን መቻሉ ነው። የሚያስተምር ሁሉ ትምህርቴ መልካም ነው ማለቱ አይቀርም፤ ተማሪውም ገና ያልተማረውን ነገር መዝኖ ሊፈርድ አይችልም፤ ስለዚህ ከሁለቱ ውጭ የቆመ ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል። ዛሬ በስልኩ ላይ ከቤት ሳይወጡ በኢንተርኔት ዲግሪ የሚያስገኝ፣ ዕውቅናም ያለው ኮሌጅ መኖሩን የሚያበሥር ማስታወቂያ የሚያነብ ወጣት የሚያጋጥመው ጥያቄ ይኸው የጥንቱ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ለዚህ ትምህርት ቤት የመሰከረለት ማን ነው፣ ያንንስ ምስክር የሚያውቀው ማን ነው የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄው በባሕር ማዶ፣ ይልቁንም ዕውቅና የተባለው ሥርዓት የራሱን መልክ ይዞ ባደገባት በአሜሪካ፣ እንዴት እንደ ተነሣና ምን መልስ እንዳገኘ፣ ለእኛም አገር ተማሪ ምን እንደሚያስተምረው መመርመር ነው። ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መምህርና ተማሪ በአንድ ስፍራ ሳይገናኙ የሚካሄድ ትምህርት እንዲስፋፋ ያደረገው ፖስታ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1840 ዓ.ም. በአንድ ፔኒ ቴምብር ደብዳቤን ወደ አገሩ ማዕዘን ሁሉ መላክ በተቻለ ጊዜ፣ አይዛክ ፒትማን የተባለ መምህር ራሱ የፈለሰፈውን የአጭር ጽሕፈት ስልት በፖስታ ለተማሪዎቹ ይልክ፣ እነርሱም መልመጃውን ሠርተው ሲልኩለት እያረመ ይመልስላቸው ጀመር። የፒትማን ተማሪ ግን የሚፈልገው ሙያውን እንጂ ማዕርግ አልነበረም፤ ፈጥኖ መጻፍ መቻሉን ቀጣሪው በዓይኑ ሊያይ ይችላልና ሌላ ምስክር አላሻውም። ምስክር ያስፈለገው የርቀት ተማሪ ዲግሪ መጠየቅ በጀመረ ጊዜ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን ጽኑ መልስ የሰጠው የለንደን ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1836 ዓ.ም. በንጉሥ ቻርተር ሲቋቋም፣ እርሱ ራሱ የሚያስተምር ሳይሆን በሌሎች ኮሌጆች የተማሩትን የሚፈትንና ማዕርግ የሚሰጥ ጉባኤ ነበር። በ1858 ዓ.ም. በወጣለት አዲስ ቻርተር ደግሞ፣ ከሕክምና ትምህርት በስተቀር፣ የትም ይማር፣ ከማንም ይማር፣ ከፈታኞቹ ፊት ቀርቦ ፈተናውን ላለፈ ሰው ሁሉ በሩን ከፈተ፤ በ1878 ዓ.ም. ሴቶችም ለዲግሪ እንዲቀርቡ ፈቀደ። በዚህ መንገድ በቅኝ ግዛት አገሮች የሚኖር መምህር፣ በመርከብ ላይ የሚሠራ ጸሓፊ፣ በሌሊት መብራት የሚያነብ ሠራተኛ ሁሉ፣ ለንደንን ሳያይ የለንደንን ዲግሪ ለመቀበል ቻለ፤ ኔልሰን ማንዴላም በሮበን ደሴት እስር ላይ ሳለ ሕግን ያጠና የነበረው በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የሚመሰከረው ለትምህርት ቤቱ ሳይሆን ለተማሪው ስለ ነበር፣ ያስተማረው ሰው መልካምም ይሁን ክፉ፣ ፈተናው ለሁሉም አንድ ነበረ።

የለንደን ምስክርነት ወደ አፍሪካም ተሻግሯል። በ1873 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የተቋቋመው የመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር ዩኒቨርሲቲ እንደ ለንደኑ የሚፈትን ብቻ ሆኖ ተመሠረተ፤ በኋላም የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ዩኒሳ ተብሎ፣ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ በደብዳቤ ማስተማር ጀመረ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ አቃቂ ማእከል ከፍቶ ኢትዮጵያውያንን እስከ ዶክትሬት የሚያደርስ ይኸው ዩኒቨርሲቲ ነው። በአገራችንም ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ የራሳችን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎች መካከል የለንደንን የማትሪክ ፈተና እየወሰዱ ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የገቡ ነበሩ።

በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት አንዲት ቃል ስለማይናገር፣ ኮሌጅ የማቋቋም ሥልጣን ለየግዛቱ ተተወ፤ ብዙዎቹ ግዛቶችም ቻርተርን ለጠየቀ ሁሉ በልግስና ያድሉ ስለ ነበር፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ኮሌጅ ተብሎ የሚጠራው ነገር ከታላቅ የሊቃውንት ማኅበር አንሥቶ እስከ አንዲት ክፍልና አንድ ማኅተም ድረስ የሚወርድ ሆነ። በፊላደልፊያ ከተማ ጆን ቡካናን የተባለ ሰው ይህን ልግስና ወደ ንግድ ለወጠው። ቻርተር የነበራቸውን የሕክምና ኮሌጆች ስም ይዞ፣ ትምህርት ላልተማረ ሰው ሁሉ የሐኪምነት ዲፕሎማ በገንዘብ ይሸጥ ነበር፤ ገዢዎቹም በአሜሪካ ብቻ ሳይሆን በአውሮፓም ነበሩ። በ1880 ዓ.ም. የከተማው ጋዜጣ ምሥጢሩን ገልጦ ሕግ በያዘው ጊዜ፣ ቡካናን በደላዌር ወንዝ ሰጥሞ የሞተ አስመስሎ ሸሸ፤ ብዙም ሳይቆይ ተይዞ ወደ ወህኒ ወረደ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ቁም ነገር ሰውየው አታላይ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በእጁ የነበረው የመንግሥት ወረቀት ሐሰተኛ አለመሆኑ ነው። ቻርተር አንድ ትምህርት ቤት በሕግ ፊት እንዲኖር የሚፈቅድ ወረቀት ነው፤ ስለሚሰጠው ትምህርት ግን ምንም አይመሰክርም። በሕግ መመዝገብና በትምህርት መመስከር ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ያልለየ ሰው ያን ጊዜም ተታልሏል፤ ዛሬም ይታለላል።

መንግሥት ያልሰጠውን ምስክርነት ለመስጠት የተነሡት ኮሌጆቹ ራሳቸው ናቸው። የመነሻው ምክንያት በጣም ትሑት ነበር፤ ይኸውም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚመጡት ተማሪዎች መካከል የትኛው እንደሚበቃ ማወቅ ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1871 ዓ.ም. መምህራኑን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየላከ ያስመረምር፣ መልካም ሆኖ ከተገኘው ትምህርት ቤት የሚወጡትንም ተማሪዎች ያለ ፈተና ይቀበል ጀመር። ከዚያ በኋላ በ1885 ዓ.ም. በኒው ኢንግላንድ፣ በ1887 ዓ.ም. በመካከለኛው ግዛቶች፣ በ1895 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ማእከላዊውና በደቡቡ አገር የኮሌጆችና የትምህርት ቤቶች ማኅበራት ተመሠረቱ። የሰሜን ማእከላዊው ማኅበር ነገሩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ ምርመራውን ወደ ኮሌጆቹ ራሳቸው መለሰ፤ በ1913 ዓ.ም. መርምሮ ያጸደቃቸውን ኮሌጆች የመጀመሪያ መዝገብ አሳተመ።

በዚያው ዘመን መንግሥት ራሱ ምስክር ለመሆን አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ከአሜሪካ የሚመጣውን ተማሪ የትኛውን እንቀበል፣ የትኛውን እንመልስ እያሉ ይቸገሩ ስለ ነበር፣ በአገር ቤትም የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ያንኑ ጥያቄ ያነሡ ስለ ነበር፣ የፌዴራሉ የትምህርት ቢሮ ባልደረባ ኬንድሪክ ባብኮክ በ1911 ዓ.ም. ከ340 የሚበልጡ ኮሌጆችን በአራት ደረጃ የሚከፍል መዝገብ አዘጋጀ። መዝገቡ ከመታተሙ በፊት ሾልኮ በወጣ ጊዜ በዝቅተኛው ደረጃ የተመደቡት ኮሌጆች መሪዎች ታላቅ ጩኸት አሰሙ፤ ፕሬዚዳንት ታፍት መዝገቡ እንዳይወጣ ከለከሉ፤ ተከታያቸው ዊልሰንም ክልከላውን አላነሡም። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ ስለ ኮሌጅ የመመስከር ሥራ ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ለማኅበራቱ ቀረ፤ እስከ ዛሬም ድረስ የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስቴር ኮሌጅን በቀጥታ አይመረምርም፤ ዕውቅናም አይሰጥም።

የምርመራው አካሄድም ቀስ በቀስ ሥርዓት ያዘ። ኮሌጁ አስቀድሞ ራሱን መርምሮ ስለ መምህራኑ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ አስተዳደሩና ተማሪዎቹ በእርግጥ ስለ መማራቸው ሰፊ ዘገባ ይጽፋል፤ ከዚያ ከሌሎች ኮሌጆች የተመረጡ መምህራንና አስተዳዳሪዎች መጥተው የተጻፈውን ከሚታየው ጋር ያስተያያሉ፤ በመጨረሻም የማኅበሩ ኮሚሽን ያጸድቃል፣ ወይም ይነፍጋል፣ ወይም ጉድለቱን እንዲያርም ጊዜ ይሰጠዋል። የተሰጠውም ዕውቅና የዘላለም አይደለም፤ በየተወሰነ ዓመት፣ ብዙውን ጊዜ እስከ ዐሥር ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ምርመራው ይደገማል። የእንዲህ ያለ ምርመራ ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ያሳየው ከማኅበራቱ ውጭ የነበረ አንድ ሰው ነው። አብርሃም ፍሌክስነር በካርኔጊ ድርጅት ተልኮ በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች እየዞረ ተመለከተ፤ በ1910 ዓ.ም. ያሳተመው ዘገባም ቤተ ሙከራ የሌላቸውን፣ በሽተኛ የማያሳዩትን፣ ክፍያ ብቻ የሚሰበስቡትን በየስማቸው ጠርቶ ስላጋለጠ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከትምህርት ቤቶቹ ብዙዎቹ ተዘጉ።

በዚህ ሁሉ መካከል የደብዳቤ ትምህርት በራሱ ጎዳና ያድግ ነበር። በኒው ዮርክ ግዛት በሾቶኳ ሐይቅ ዳር በ1874 ዓ.ም. ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ሥልጠና የተጀመረው የክረምት ጉባኤ፣ በ1878 ዓ.ም. በየቤቱ የሚያነቡ ሰዎችን የሚያስተባብር የንባብ ማኅበር አቋቋመ፤ ከዚያም በደብዳቤ ወደሚያስተምር ኮሌጅ አደገ። በዚያ ያስተምር የነበረው የዕብራይስጥ ሊቅ ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በሆነ ጊዜ፣ በ1892 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት የደብዳቤ ትምህርትን ከክፍሎቹ አንዱ አድርጎ አቋቋመው። በፔንስልቬንያ በስክራንተን ከተማ ደግሞ ቶማስ ፎስተር የተባለ የጋዜጣ አዘጋጅ፣ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች በማዕድን ውስጥ ከሚደርሰው አደጋ እንዲድኑና የሹመት ፈተናቸውን እንዲያልፉ በማሰብ፣ በ1891 ዓ.ም. የደብዳቤ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ይህም ብዙ ሳይቆይ በዓለም ካሉት ሁሉ ታላቁ ሆነ። ነገር ግን የፎስተርን መልካም ዝና አይተው የተነሡት መሰሎቹ፣ ተጓዥ ሻጮችን በየመንደሩ እያሰማሩ ድሃውን ሠራተኛ ውል ያስፈርሙት፣ ትምህርቱን ግን ሳይጨርስ ቢተወውም ገንዘቡን ያስከፍሉት ነበር። ጆን ኖፍሲንገር የተባለ መርማሪ ይህን ሁሉ አጥንቶ በ1926 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ራሳቸውን ከአታላዮቹ ለመለየት የፈለጉት ትምህርት ቤቶች የቤት ውስጥ ጥናት ብሔራዊ ምክር ቤትን ሲያቋቁሙ፣ መሪነቱን ለእርሱ ሰጡት። ይህ ምክር ቤት ስሙን እየለወጠ፣ ዛሬ የርቀት ትምህርት ዕውቅና ኮሚሽን ተብሎ ሥራውን በመሥራት ላይ ይገኛል።

እስከዚህ ድረስ ዕውቅና የክብር ጉዳይ ነበር፤ የገንዘብ ጉዳይ ያደረገው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1944 ዓ.ም. የወጣው የጦር ተመላሾች ሕግ መንግሥት ለተመላሹ ወታደር የትምህርት ወጪውን እንዲከፍል ባዘዘ ጊዜ፣ 7.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በሕጉ ተጠቅመው ወደ ትምህርትና ሥልጠና ገቡ፤ ከእነዚህም 2.2 ሚሊዮኑ ወደ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ የሄዱ ናቸው። ነገር ግን ገንዘቡን ሽተው በአንድ ሌሊት የበቀሉ ትምህርት ቤቶችም ከወታደሩ ጋር ተሰልፈው ጠበቁት። ስለዚህ ለኮሪያ ጦርነት ተመላሾች በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፣ የትምህርት ኮሚሽነሩ የታመኑ መስካሪ ድርጅቶችን ስም ዝርዝር እንዲያሳትም አዘዘ፤ የ1965 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት ሕግም የተማሪዎችን ብድርና እርዳታ ከዚሁ ጋር አያያዘው። በዚህ ጊዜ ለመላው ነገር ቍልፍ የሆነ አሠራር ተወለደ፦ መንግሥት ስለ ኮሌጁ አይመሰክርም፤ ስለ መስካሪው ግን ይመሰክራል። የመስካሪዎቹ መዝገብ ለሁሉ ግልጥ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ያቋቋሙት የከፍተኛ ትምህርት ዕውቅና ምክር ቤትም መስካሪዎችን እንዲሁ እየመረመረ ስማቸውን ያወጣል።

ኢንተርኔት ሲመጣ ይህ ሥርዓት ታላቅ ፈተና ገጠመው። በ1992 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት በደብዳቤ ትምህርት ስም በተፈጸመው ዝርፊያ ተቈጥቶ፣ ከትምህርቱ ወይም ከተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ በርቀት የሆነ ኮሌጅ የመንግሥትን እርዳታ እንዳያገኝ ደንግጎ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ግን በኮሎራዶ የነበረው ጆንስ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ሁሉ በኢንተርኔት እየሰጠ፣ አንድም የመማሪያ አዳራሽ ሳይኖረው፣ ከዚያው ከሰሜን ማእከላዊው ማኅበር ሙሉ ዕውቅና አገኘ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር ቋሚ መምህራኑ እጅግ ጥቂት የሆኑበት ተቋም እንዴት ዩኒቨርሲቲ ይባላል ብሎ ተቃወመ፤ ሆኖም በሩ ተከፍቷል። በ2006 ዓ.ም. የግማሹ ገደብ ለኢንተርኔት ትምህርት ተነሣ፤ የመጀመሪያው ጆንስ ግን ብዙዎቹ በተከተሉት መንገድ ላይ ተማሪ እየጐደለበት ሄዶ በ2015 ዓ.ም. መዘጋቱን አስታወቀ። ዕውቅና ለተቋሙ ዕድሜ ዋስ እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከእውነተኛው ገበያ አጠገብ የሐሰተኛውም ገበያ አደገ። የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል የዲፕሎማ ነጋዴዎችን ሲያድን ቆይቶ ብዙዎችን ለፍርድ አቀረበ፤ ነገር ግን ኢንተርኔት በአንዱ ፋንታ ዐሥር ተካ። በ2004 ዓ.ም. የመንግሥቱ ኦዲተር መሥሪያ ቤት ዕውቅና ከሌላቸው ትምህርት ቤቶች መካከል የሦስቱን መዝገብ ብቻ ቢመረምር፣ 463 የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን በተማሪነት ተመዝግበው አገኘ። በዚያው ዓመት የፔንስልቬንያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ወጥመድ ለማጥመድ ሲል የአንዲት ድመት ስም ሰጥቶ፣ ዲግሪ በኢንተርኔት እሰጣለሁ ከሚል የቴክሳስ ድርጅት 299 ዶላር ከፍሎ የመጀመሪያ ዲግሪ ቢጠይቅ፣ ድርጅቱ የድመቲቱን የሥራ ልምድ ተመልክቶ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ የምትበቃ መሆኗን አስታወቀ።

ድመቲቱ ታስቃለች፤ ሌላው ታሪክ ግን የሚያሳስብ ነው። በዋሽንግተን ግዛት በስፖኬን ከተማ የነበሩ ሰዎች ቅዱስ ሬጂስ ብለው በሰየሙት ዩኒቨርሲቲ ስም በሺህ የሚቈጠር ዲግሪ ለብዙ አገር ሰዎች ሸጡ፤ ዩኒቨርሲቲው ዕውቅና አለውን ተብለው ሲጠየቁም መልስ አላጡም። ላይቤሪያ በእርስ በርስ ጦርነት በታመሰችበት ዘመን ለአንዳንድ ባለሥልጣኖቿ ጉቦ ሰጥተው የላይቤሪያን መንግሥት የዕውቅና ወረቀት አግኝተዋልና። በ2005 ዓ.ም. ተከሰሱ፤ በ2008 ዓ.ም. ተፈረደባቸው። እነዚህ ሰዎች ገዢው የሚጠይቀውን ጥያቄ አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ ለትምህርት ቤቱ የመሰከረለት ማን ነው ለሚለው ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አዘጋጅተው፣ ያንን ምስክር የሚያውቀው ማን ነው የሚለውን ሁለተኛውን ማንም እንደማይጠይቅ ተማመኑ። ዛሬም የዲፕሎማ ነጋዴ ሁሉ ከኮሌጁ ጋር አብሮ መስካሪውን ይፈጥራል፤ ስሙን ከታወቀ ማኅበር ስም ጋር የተመሳሰለ ያደርገዋል፤ አንድ የኢንተርኔት ገጽም ይሠራለታል። ስለዚህ ዕውቅና አለው የሚል ቃል በራሱ ባዶ ነው፤ ሙሉ የሚሆነው የመስካሪው ስም ሲጠራና ያ ስም በመንግሥት ወይም በታወቀው ምክር ቤት መዝገብ ውስጥ ሲገኝ ነው።

እውነተኛውም መስካሪ ቢሆን ከድካም ነጻ አይደለም፤ ምክንያቱም በአሜሪካው ሥርዓት የመስካሪው ገንዘብ የሚመጣው ከሚመሰክርላቸው ኮሌጆች መዋጮ ነው። በ1912 ዓ.ም. የተመሠረተውና በአሜሪካ ከታወቁት አገር አቀፍ መስካሪዎች አንዱ የነበረው የነጻ ኮሌጆችና ትምህርት ቤቶች ዕውቅና ምክር ቤት፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ወድቀው በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ተማሪዎችን ባለዕዳ አድርገው ለበተኑት ታላላቅ የትርፍ ኮሌጆች ሲመሰክር ቆይቶ ነበር። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. እውቅናውን ነጠቀው፤ በ2018 ዓ.ም. መለሰለት፤ በ2022 ዓ.ም. ዳግመኛ ነጠቀው። በእርሱ ምስክርነት የሚኖሩት ኮሌጆችም ሌላ መስካሪ ፍለጋ ይሯሯጡ ጀመር። ከዚህም ሌላ፣ በአንድ ክልል ተወስነው የኖሩት ጥንታውያን ማኅበራት ያጸደቋቸው ኮሌጆች፣ አገር አቀፍ የሚባሉት መስካሪዎች ካጸደቋቸው ኮሌጆች የሚመጣውን የትምህርት ክሬዲት ብዙውን ጊዜ አይቀበሉም ነበር። የትምህርት ሚኒስቴሩ በ2020 ዓ.ም. ይህን የክልልና የአገር አቀፍ ልዩነት ከደንቡ ቢያወጣም፣ ክሬዲትን መቀበልና አለመቀበል ግን ዛሬም የተቀባዩ ኮሌጅ ፈቃድ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሥርዓቱ የተተከለው በመንግሥት እጅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 351/1995 የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ፣ ዛሬም በስፍራው የተተካው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ለግል ኮሌጆች የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ራሱ መርምሮ ነው። ፈቃዱም ለኮሌጁ በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ መደበኛም ይሁን የርቀት ለእያንዳንዱ የማስተማሪያ ዘዴ ለየብቻው ይጠየቃል፤ ዘመኑ ሲያልፍም ይታደሳል። በዚህ ምክንያት አንድ ኮሌጅ በአዲስ አበባ በአካውንቲንግ ዕውቅና ቢኖረው፣ በሌላ ከተማ ወይም በርቀት ለሚሰጠው ለዚያው ትምህርት ዕውቅና አለው ማለት አይደለም። በ2010 ዓ.ም. መንግሥት የርቀት ትምህርትን በጠቅላላ እስከ ማገድ ደርሶ ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ቅድመ ሁኔታ አኑሮ ፈቀደ። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥትም የግልም ተቋማት ተማሪዎች ሁሉ ከመመረቃቸው በፊት የሚፈተኑት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ በዚህም ለትምህርት ቤቱ ከመመስከር በላይ ተማሪውን ራሱን የመፈተን ሥርዓት ተመለሰ።

በአሜሪካ የሚኖረው ወገናችን፣ ቀን ሠርቶ ሌሊት በኢንተርኔት የሚማረው፣ በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል ቆሟል። ነርስነት የሚማር እንደ ሆነ፣ የኮሌጁ ዕውቅና ብቻ አይበቃውም፤ የነርስነቱ ትምህርት በራሱ በሙያው መስካሪዎች የጸደቀ መሆኑንና ፈቃድ በሚጠይቅበት ግዛት የነርሶች ቦርድ ዘንድ ተቀባይነት ያለው መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል። አገሩ ገብቶ ሊሠራበት የሚወድ እንደ ሆነም፣ ዲግሪው በባለሥልጣኑ ዘንድ የአቻ ግምት ይጠየቅበታል፤ ስለዚህ ክፍያውን ከመጀመሩ በፊት በኢንተርኔት የተገኘ ዲግሪ በዚያ እንዴት እንደሚታይ መጠየቁ ጥበብ ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣው ምክር በአራት ጥያቄዎች ይጠቀለላል። ለኮሌጁ የመሰከረው ማን ነው? ስሙን ኮሌጁ ሳይሆን ራሱ መስካሪው ይናገረው፤ በመስካሪው መዝገብ ውስጥ ኮሌጁ በትክክለኛ ስሙና አድራሻው ይፈለግ። ለመስካሪውስ የመሰከረው ማን ነው? ይህ በመንግሥት መዝገብ ይፈለግ፤ ካልተገኘ ንግግሩ በዚያው ይቁም። ምስክርነቱ ለዚህ የትምህርት መስክና ለዚህ የማስተማሪያ ዘዴ ነውን? በመጨረሻም፣ ይህን ዲግሪ ሊቀበል የሚገባው፣ ማለትም ቀጣሪው፣ የሙያው ቦርድ ወይም ቀጥሎ የሚገባበት ዩኒቨርሲቲ፣ ይቀበለዋልን? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ያለፈ ኮሌጅ መልካም ኮሌጅ ነው ማለት አይደለም፤ ዕውቅና ከዚህ በታች አይወረድም የሚባለውን ወለል ያሳያል እንጂ የትምህርቱን ከፍታ አይለካም፤ ከፍታውን የሚለካ መምህራኑን፣ የተመራቂዎቹን ሥራና የሚከፈለውን ዋጋ በሌላ መንገድ ይመርምር። አራቱን ያላለፈ ኮሌጅ ግን የሚለካ ከፍታ የለውምና፣ ማስታወቂያው ምንም ያህል ቢያምር፣ የመመዝገቢያው ቅጽ ሳይሞላ ይቀመጥ።